ሪፈራል ጨመረ ማለት ልጆቻችን ከፉ ማለት ነው? ስለ ቴክሳስ ካውንቲዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከወላጆችና ከማኅበረሰብ ሠራተኞች የቀረቡ ናቸው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ካውንቲ ማለት በአሜሪካ ግዛት ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው።

ጥ፦ ሪፈራል ምንድን ነው? ልጁ ጥፋተኛ ተባለ ማለት ነው?

መ፦ አይደለም። ፖሊስ፣ ትምህርት ቤት ወይም ሌላ አካል የልጁን ጉዳይ ወደ ካውንቲው የታዳጊዎች ፕሮቤሽን ቢሮ (ሕግ ጥሰዋል የተባሉ ልጆችን ጉዳይ የሚይዝና የሚከታተል ቢሮ) ሲልክ ሪፈራል ተብሎ ይመዘገባል። በዚያ ሰዓት ገና የተረጋገጠ ነገር የለም። የቴክሳስ የታዳጊዎች ሕግ የሚመለከተው ድርጊቱ ሲፈጸም 10 ዓመት ሞልቶት 17 ያልሞላውን ነው። 17 የሞላው በቴክሳስ የወንጀል ሕግ እንደ አዋቂ ይታያል። ስለዚህ 17 ዓመት የሆናቸውን በታዳጊነት ከሚቆጥር ግዛት ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ያሳስታል።

ጥ፦ በካውንቲያችን ሪፈራል በአንድ ዓመት 50 በመቶ ጨመረ ተባለ። እንስጋ?

መ፦ ከመቶኛው በፊት ቁጥሩን ይጠይቁ። ከ12 ወደ 18 መሄድም 50 በመቶ ነው። አራት ልጆች በአንድ የተሰረቀ መኪና ውስጥ ቢያዙ አራት ሪፈራል ስለሚሆን፣ ትንሽ ካውንቲ ውስጥ የአንድ ሌሊት ድርጊት የዓመቱን አኃዝ ሊያናጋ ይችላል።

ቀጥሎ ምጣኔውን ያስሉ፦ የሪፈራሉን ቁጥር ከ10 እስከ 16 ዓመት ባሉት የካውንቲው ልጆች ቁጥር አካፍለው በ1,000 ያባዙ። ለምሳሌ 240 ሪፈራልና 20,000 ልጆች ቢኖሩ ከሺህ 12 ይሆናል። ሕዝቡ በፍጥነት በሚጨምርበት ካውንቲ ሪፈራሉ ጨምሮ ምጣኔው ሊቀንስ ይችላል።

የተቆጠረው ምን እንደሆነም ይጠይቁ። አንድ ልጅ በዓመት ሦስት ጊዜ ከተላከ ልጁ አንድ፣ ሪፈራሉ ሦስት ነው። የቢሮው ሠራተኛ ልጁን ፊት ለፊት ያገኘበት መደበኛ ሪፈራልና በወረቀት ብቻ የመጣው ተለይተው ነው የሚመዘገቡት፤ አንዱ ዘገባ ሁለቱን ደምሮ ሌላው አንዱን ብቻ ከያዘ ንጽጽሩ አይሠራም። በመጨረሻም መነሻ ዓመቱን ይዩ። በ2020 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር ከዚያ ዓመት ተነስቶ የሚሰላ ጭማሪ ሁሉ ትልቅ ይመስላል። ከ2019 ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ጥ፦ ታዲያ ልጆቹ ሳይለወጡ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል?

መ፦ አዎ፤ በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ሪፈራል የልጆችን ጠባይ ያህል የአዋቂዎችን ውሳኔ ይለካል። ቴክሳስ በ2015 ከትምህርት መቅረትን ከወንጀልነት አውጥታ በፍትሐ ብሔር ሥርዓት እንዲታይ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ከትምህርት በመቅረቱ ብቻ በቀጥታ ወደ ፕሮቤሽን ቢሮ የሚላክ ልጅ ቀረ። በሌላ በኩል የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ጉዳይ አለ። ከሁለት አውንስ በታች የማሪዋና ቅጠል መያዝ ቀላል ወንጀል ነው፤ ቲኤችሲ (የማሪዋና አስካሪ ንጥረ ነገር) ያለበት የቬፕ ዘይት ግን ከ1 ግራም በታች ቢሆንም ከባድ ወንጀል ነው። ልጆች ከቅጠል ወደ ቬፕ ሲዞሩ ሱስ ያለበት ልጅ ቁጥር ባይጨምርም «የከባድ ወንጀል ሪፈራል» የሚለው ዓምድ ያብጣል።

ጥ፦ ልጄ ተላከ። ቀጥሎ ምን ይሆናል?

መ፦ ቢሮው ወይ ወደ ቤት ይመልሰዋል ወይ በማቆያ ያቆየዋል። ከቆየ እስከ ሁለተኛው የሥራ ቀን ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ ዓርብ ወይም ቅዳሜ የተያዘ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይቀርባል። ጠበቃ የማግኘት መብት አለው፤ ቤተሰቡ መክፈል ካልቻለ ፍርድ ቤቱ ይመድባል። ቀለል ባለ ጉዳይ በምክርና በማስጠንቀቂያ ሊሸኝ ወይም ክስ ሳይመሠረት እስከ ስድስት ወር በክትትል የሚቆይበት ስምምነት ሊቀርብለት ይችላል። ስምምነቱ በፈቃደኝነት ነው፤ ከፈረመ በኋላ ቀጠሮ ቢያጓድል ግን ጉዳዩ ወደ ክስ ሊሄድ ይችላል። አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎ በራሱ ጉዳይ እንዲያስተረጉም አያድርጉ፤ አጥፊውም አስረጂውም እሱ ከሆነ እርስዎ የሚፈርሙትን ሳያውቁ ይፈርማሉ።

ጥ፦ ፖሊስ ሲጠይቀው «እውነቱን ንገራቸው» ብንለው ምን ክፋት አለው?

መ፦ ከቤታችን አስተዳደግ አንጻር ትክክል ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። በቴክሳስ ፖሊስ ልጁን ሲጠይቅ ወላጅ አብሮ እንዲቀመጥ ሕጉ አያስገድድም። በቁጥጥር ሥር ያለ ልጅ የጽሑፍ ቃል ሲሰጥ ዳኛ መብቱን ማስረዳት፣ ፖሊስ በሌለበትም ፈቃደኝነቱን ማረጋገጥ አለበት። በቁጥጥር ሥር ሳይሆን የተናገረው ግን ይህ ጥበቃ የለውም። «ጠበቃ እፈልጋለሁ» የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ያስጠኑት፤ አክብሮት ማጓደል አይደለም።

ጥ፦ መዝገቡ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል?

መ፦ በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ካልተባለ፣ በአዋቂነቱም ካልተቀጣና የተንጠለጠለ ክስ ከሌለበት፣ 19 ዓመት ሲሆነው ያለ ማመልከቻ ይታሸጋል (ለሌሎች እንዳይታይ ይዘጋል)። ከዚያ ውጪ ማመልከቻ ያስፈልጋል። በፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ የታዳጊዎች ፍርድ ቤት ውሳኔ እንደ ወንጀል ፍርድ አይቆጠርም፤ የዜግነት ቅጹ ግን የታሸገውንም እስር ጭምር ይጠይቃል። «የለም» ብሎ ከመሙላት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።