እማኙ ብዙ፣ ተሟጋቹ የለም

ጥያቄ፦ የታሪክ ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተርም ፔፐሬ በ1960 ዓ.ም. ስለተነሳው የጎጃም ገበሬዎች አመጽ ነው። 14 ምንጭ አንብቤ ከ60 በላይ ካርድ ማስታወሻ ይዣለሁ። 8 ገጽ ጽፌ ሳቀርብ መምህሬ «ያነበብከውን ነገርከኝ፤ አንተ ምን ትላለህ?» ብለው መለሱልኝ። ከየት ልጀምር? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ይገልብጡ። አብዛኛው «እገሌ እንደሚሉት» ብሎ የሚጀምር ከሆነ የመምህርዎ ቅሬታ እሱ ነው። በርስት ሙግት ነገሩን የሚያቆመው ተሟጋቹ ነው፤ እማኝ ሲጠራ ገብቶ ያየውን መስክሮ ይወጣል። በእርስዎ ጽሑፍ 14 እማኝ በተራ ገብቶ ወጥቷል፤ «በላ ልበልሃ» ብሎ የተነሳ ግን የለም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከካርዱ ነው። በየመጽሐፉ ተራ የተያዘ ማስታወሻ ጽሑፉንም በየመጽሐፉ ተራ ያስኬደዋል። ካርዶቹን መሬት ላይ ዘርግተው በጥያቄ ይከምሯቸው፦ አዋጁ ምን አለ? ገበሬው ለምን ተነሳ? ምን ፈራ? በማን አመረረ? መንግሥት ምን አደረገ? በአንድ ካርድ አንድ ነጥብ ብቻ፣ ከሥሩ ምንጩና ገጹ። ገጽ ያልተጻፈበትን ካርድ ምንጩ ዘንድ ተመልሰው ሳያሟሉ አይጠቀሙበት።

አሁን ምንጮቹ የማይስማሙበትን ክምር ይፈልጉ። የእርስዎ «ለምን ተነሳ?» የሚለው ይመስለናል። አንዱ ካርድ ኅዳር 1960 የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ያነሳል፤ ሌላው የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አስተዳደር፤ ሦስተኛው የርስትን ስጋት። ሦስቱን ደርድሮ «አመጹ የተለያዩ መንስኤዎች ነበሩት» ማለት ቀላል ነው፤ እንቢ የሚል ሰው ስለሌለ ግን መከራከሪያ አይባልም። ይህን ይሞክሩ (ቀላድ በገመድ የሚደረግ የመሬት ልኬታ ነው)፦ «የጎጃም ገበሬ በ1960 የተነሳው ግብሩ ስለከበደው ሳይሆን፣ ለግብሩ የሚደረገው የምርት ግምት ቀላድ ያስከትላል፣ ቀላድ ደግሞ ርስት ይነቅላል ብሎ ስለፈራ ነው።» አሁን የሚሟገትዎ አገኙ።

ይህ ዓረፍተ ነገር ካርዱን ያበጥርልዎታል። ጎጃም በ1930ዎቹም የመሬት ግብርንና ልኬታን መቃወሙ ይገባል፤ ፍርሃቱ የቆየ መሆኑን ያሳያልና። አዋጁ አሥራትን (ከምርት አንድ አሥረኛ የሚከፈለውን የቀድሞ ግብር) ሽሮ በቦታው የመጣ መሆኑም ይገባል፤ «ግብሩ ከበደ» የሚል ሰው የቀረውንና የመጣውን አመዛዝኖ እንዲያሳይ ያስገድደዋል። ስለ ጎጃም መልክዓ ምድር የጻፉት ግን ይውደቅ። ከ60ው 20 ያህል ካርድ መጣሉ ያስቆጫል፤ ቢሆንም ይጣል።

የሚቃወምዎትን ካርድ አይደብቁ። መንግሥት በመጨረሻ ገዥውን አንስቷል፣ ውዝፍ ግብርም ምሯል። «ታዲያ ገበሬውን ያስመረረው ገዥውና ግብሩ አይደለም ወይ?» ለሚል አንባቢ ከመደምደሚያው በፊት ሙሉ አንቀጽ ይስጡት። መልስ ካጡለት ዓረፍተ ነገሩን ያላሉ፦ «ስለከበደው ሳይሆን» የሚለው ግብሩን ጨርሶ ያስወጣል፣ ማስረጃውም ያንን ያህል መጠንከር አለበት፤ «ከግብሩ ክብደት ይልቅ» ቢሉ ግን ግብሩም ድርሻ ይኖረዋል፣ ሸክምዎም ይቀላል።

የዓመተ ምሕረቱ ነገር ብዙ ተማሪ ያሳስታል። አንድ የውጭ ጸሐፊ 1967፣ ሌላው 1968 ቢል ምንጮቹ ተጣሉ ማለት አይደለም። የእኛና የእነሱ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። አዋጁ በእነሱ በ1967 ወጣ፣ አመጹ በ1968 በረታ፤ በእኛ ሁለቱም 1960 ነው። አንዱን አቆጣጠር መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙ።

ለ8 ገጽ ከ10 አንቀጽ አይበልጥም። መግቢያው ግማሽ ገጽ ይሁን፣ መከራከሪያዎ በመጨረሻው መስመር ይቀመጥ። በየአንቀጹ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የእርስዎ ነው፤ ቀጥሎ ማስረጃው፤ ከዚያ ማስረጃው ነገርዎን እንዴት እንደሚደግፍ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። አብዛኛው ተማሪ ጥቅሱን አስገብቶ የሚሮጠው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ያን ጊዜ ሞጣ ነበሩ። የነገሩኝ ማስረጃ ይሆናል? (ከሞጣ)

መልስ፦ ይሆናል። በየነጥቡ «በዓይንዎ ያዩት ነው ወይስ የሰሙት?» ብለው ይለዩ፤ ዕድሜያቸውን፣ የተነጋገሩበትን ቦታና ቀን ይጻፉ፣ ከተቻለ ድምፃቸውን ይቅረጹ። ከዚያ ከመንግሥት ደብዳቤ ጋር ያስተያዩት። ደብዳቤው «ሽፍታ» ያለውን ሰው አያትዎ «የጎበዝ አለቃ» ሊሉት ይችላሉ። ሁለቱንም ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስቀምጡ፤ በራስዎ ዓረፍተ ነገር ግን «የአመጹ መሪ» ይበሉት።