ኮከብ ይወዛወዛል ወይስ ትር ትር ይላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ስለ ከዋክብት አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ርዕሱን «ፈጣን ተወዛዋዥ ኬሚካላዊ ልዩ ከዋክብቶችን ሞዴል ማድረግ» አልኩት፤ ሳነበው ግን ለራሴም አልገባኝ አለ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ደህና ነኝ። እውነቱን ልንገርህ? እኔ ያነበብኩት የባህል ምሽት ቤት ማስታወቂያ መስሎኝ ነው። «ፈጣን ተወዛዋዥ» ሲባል እስክስታ ነው የሚታየኝ፤ «ሞዴል ማድረግ» ደግሞ ፋሽን ትርዒት ላይ ማቆም ነው። «ሞዴል» ችግር የለውም፣ ሞዴል ፈተና ተፈትነን ያደግን ሰዎች ነን። ግሡን ብቻ «መሥራት» አድርገው።

ዋናው ቃል፣ «ተወዛዋዥ» ላይ ግን እንቆይ። በ1978 እ.ኤ.አ. የከዋክብት ተመራማሪው ዶናልድ ኩርትዝ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ «የፕሺቢልስኪ ኮከብ» የሚባለውን ሲከታተል፣ ብርሃኑ በየ12 ደቂቃው ከፍ ዝቅ ሲል አገኘው። አቦል እስኪወርድ እንኳ አይቆይም! ኮከቡ ግን እንደ መጋረጃ ወዲያ ወዲህ አላለም። ባለበት ሆኖ ያብጣል፣ ይረግባል። ይሄ በአማርኛ ትርታ ነው፤ ልብም፣ የእጅ ደም ሥርም ትር ትር የሚለው እንዲሁ ነው። «ብልጭ ድርግም» እንዳትል፣ እሱ የኛ አየር የሚያመጣው ነው።

ሁሉም ጎኑ አንዴ አያብጥም፤ በአንዱ የመግነጢስ ዋልታ በኩል ሲያብጥ በሌላው ይረግባል። ከዋልታ ዋልታ የሚያልፈው ይህ የትርታ ዘንግ ኮከቡ ከሚሽከረከርበት ዘንግ ጋር ስለማይገጥም፣ ኮከቡ ሲዞር አንዴ ዋልታው አንዴ ወገቡ ወደኛ ይመጣና ትርታው ጎላ፣ ደከም እያለ ይታየናል። ኩርትዝ በ1982 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሞዴል ይሄ ነው፤ ጽሑፍህ ውስጥ «oblique» የሚለው የሞዴሉ ስም ካለ «ዘንበል ያለ» በለው፣ «ሰያፍ» ካልክ ፊደል ይመስላል።

«ልዩ»ም ሙገሳ ነው። እነዚህ ኮከቦች ግን ላይኛው ገጻቸው ላይ እንደ ዩሮፒየም ያሉ ብርቅ ንጥረ ነገሮች ከልክ በላይ ተከማችተው ነው የተገኙት፤ ስለዚህ «ወጣ ያለ» ይበቃል። «ከዋክብቶች» ደግሞ እንደ «መጻሕፍቶች» ብዙውን እንደገና ማብዛት ነው፣ ተወው።

እኔ ብሆን «የገጽ ኬሚስትሪያቸው ወጣ ያለ፣ ፈጣን ትርታ ያላቸው ኮከቦች፦ ትርታቸው በስሌት ሞዴል ሲታይ» እል ነበር። ረዘመ፣ አውቃለሁ። አንዴ ሙሉውን ጻፈውና ከዚያ «ባለ ትርታ ኮከቦች» እያልክ ቀጥል።