መልስ፦ ከአዲሶቹ ግራይንድኮር አልበሞች በየትኛው ልቀጥል?

ወንድሜ፣ የግራይንድኮርን (እጅግ ፈጣንና ጩኸት የበዛበት የሮክ ሙዚቃ) ፋና ወጊ ባንድ ናፓልም ዴዝን ከሰማህ በኋላ ወደ አዲሶቹ በየትኛው ልግባ ብለሃል። እኔ ሳላመነታ የሲንጋፖሮቹን ዎርምሮት «ሂስ» እልሃለሁ። የወጣው በ2022 ነው። 21 ትራኮች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው ግማሽ ሰዓት ገደማ ናቸው። ቡድኑ ቤዝ ተጫዋች የለውም። ጊታር፣ ድራምና ጩኸት ብቻ! ታዲያ በመሃል ቫዮሊን ይገባል። ለማስዋብ እንዳይመስልህ፤ ጭራሽ ሁከቱን ያባብሰዋል። እኔን የያዘኝም እሱ ነው። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ሊመስልህ ይችላል። አትቁም፤ ደግመህ ስማውና ድራሙን ብቻ ተከተል።

ወደ ሃርድኮር (ከፓንክ የወጣ ኃይለኛ ስልት) የሚጠጋ ከፈለግክ የካሊፎርኒያዎቹ ኔይልስ በ2024 «ኤቭሪ ብሪጅ በርኒንግ»ን አውጥተዋል። ከቀዳሚው አልበማቸው ስምንት ዓመት በኋላ የመጣ ነው፤ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ረጅም ነገር ካማረህ ደግሞ ብለድ ኢንካንቴሽን አሉልህ፤ ግራይንድኮር ሳይሆኑ የአሜሪካዋ ዴንቨር ዴዝ ሜታል (ከባድና ጨለማ የሜታል ዓይነት) ባንድ ናቸው። «አብሶሉት ኤልስዌር» የተባለው የ2024 አልበማቸው በሁለት ረጃጅም ሥራዎች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳሉ። የቀረጹት በርሊን፣ ሃንዛ ስቱዲዮ ነው። ሲንተሳይዘሩን (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱን ድምፅ) በደንብ ለመስማት ጥሩ ሄድፎን አድርግ።

ከወደድካቸው ባንዶች ሙዚቃቸውን በቀጥታ በሚሸጡበት ድረ-ገጽ፣ ባንድካምፕ ላይ ግዛ። ለትንንሽ ባንዶች ከስትሪሚንግ የተሻለ ገንዘብ የሚደርሳቸው በዚያ በኩል ነው።