ጠይቁን፦ የሕግ ተማሪዎችን ከፌስቡክ ጋር ምን አገናኛቸው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ገጠሙልኝ። ሦስቱም በሕግ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ስላሉ ክሊኒኮች ነው የሚጠይቁት፣ ማለትም ተማሪዎች በጠበቃ እየተመሩ የእውነተኛ ሰው ጉዳይ በነጻ ስለሚይዙባቸው ቢሮዎች፣ በተለይ የቴክኖሎጂ ሕግ ላይ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚሠሩት። ስለዚህ አምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጠሁት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የቴክኖሎጂ ሕግ ክሊኒክ ልመዘገብ አስቤ ነበር። ጓደኞቼ ግን «ጊዜሽን አታባክኚ፣ ልምምድ ነው፣ ማንም ቁም ነገር ብሎ አያነበውም» ይሉኛል። እውነት ተማሪ የጻፈው ነገር ትልልቅ ኩባንያዎች ፊት ሚዛን ይደፋል?

መልስ፦ ይደፋል። ጓደኞችሽን ይህን ታሪክ አስነብቢያቸው።

ካናዳ ውስጥ፣ ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2003 የተቋቋመ አንድ ክሊኒክ አለ። የሚሠራው ስለ ኢንተርኔት ፖሊሲና ስለ ሕዝብ ጥቅም ነው። የዚህ ክሊኒክ ተማሪዎች ሁላችንም ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የምናልፈውን የፌስቡክ ውልና የግላዊነት ፖሊሲ ቁጭ ብለው አነበቡት። ከዚያ ከአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ጋር አስተያዩት። በሜይ 2008 ያገኙትን ሁሉ በአቤቱታ መልክ ለካናዳ የግላዊነት ኮሚሽነር አስገቡ። ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ፌስቡክ ላይ የሚጫኑት ጨዋታዎችና መጠይቆች ጉዳይ ነበር። አንድ ሰው ጨዋታ ሲጭን የጨዋታው ሠሪ የእሱን ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም መረጃ ያገኝ ነበር። ጓደኞቹ ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

የኮሚሽነሩ ቢሮ ከአንድ ዓመት በላይ መረመረና በጁላይ 2009 ውጤቱን አወጣ። በጊዜው ካናዳ ውስጥ ብቻ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ፌስቡክ ይጠቀሙ ነበር። እነዚያን መተግበሪያዎች የሚሠሩት ደግሞ በ180 አገሮች ያሉ ከ950,000 በላይ ሰዎችና ድርጅቶች ነበሩ። ቢሮው መረጃው እነሱ እጅ እንዳይገባ በቂ መከላከያ የለም አለ። ተማሪዎቹ ያነሱት ነጥብ ሁሉ ተቀባይነት አላገኘም፣ ውድቅ የተደረገባቸውም አለ። ዋና ዋናው ግን ተያዘላቸው። በኦገስት ፌስቡክ አሠራሩን እንደሚለውጥ ተስማማ፣ ያውም ለካናዳውያን ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ተጠቃሚ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ የሚል ታሪክ ይሆን ነበር። ግን ቀሪውን ደብቄ ክሊኒክ ግቢ ልልሽ አልፈልግም። የመተግበሪያዎቹ ጉዳይ በደንብ አልተዘጋም። በ2018 ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት በአንድ የፌስቡክ መጠይቅ በኩል የተሰበሰበ የሰው መረጃ ማግኘቱ ሲጋለጥ ቀዳዳው ያው ነበር። ካናዳ ውስጥ ያንን መጠይቅ የጫኑት 272 ሰዎች ናቸው። መረጃቸው ሳይወጣ አልቀረም የተባሉት ካናዳውያን ግን ከ600,000 በላይ ናቸው። ልዩነቱን አየሽው? ተማሪዎቹ ከአሥር ዓመት በፊት «ይህ ነገር አደጋ አለው» ብለው የጻፉት በትክክል ይህንኑ ነው። የኮሚሽነሩ ቢሮ በ2019 እንደገና መርምሮ ያ የድሮው ችግር እንዳልተስተካከለ ተናገረ፣ በ2020 ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ2023 ተሸነፈ፣ ይግባኝ አለ፣ በሴፕቴምበር 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፌስቡክ ሕጉን ጥሷል ብሎ ወሰነ። ከተማሪዎቹ አቤቱታ እስከዚያ ድረስ 16 ዓመት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ግን ያንን ወረቀት ማን ይጽፈው ነበር? ተጠቃሚው ጠበቃ አይቀጥርም፣ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ሰው ጉዳት ሲታይ ትንሽ ነው። የጠበቆች ቢሮም ከፋይ በሌለበት ጉዳይ ወራት አይፈጅም። ጊዜ ያለውና ለደንበኛ ሒሳብ የማይቆጥር ሰው ነው ያስፈለገው። ተማሪ ማለት ያ ሰው ነው።

ብትገቢ ግን አንድ ነገር ልምከርሽ። ሴሚስተሩ ያልቃል፣ ጉዳዩ ግን አያልቅም። ካንቺ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ፋይሉን ከፍቶ አንቺ የት እንደደረስሽ፣ ማንን እንዳነጋገርሽ፣ የቱን ክርክር ሞክረሽ እንደተውሽውና ለምን እንደተውሽው ማግኘት አለበት። በቃል የያዝሽው ሁሉ አብሮሽ ይሄዳል። ክሊኒክ ውስጥ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ርክክብ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራመር ነኝ። ራሴ የገዛሁትን ዕቃ ሶፍትዌር ስመረምር ከባድ የደኅንነት ክፍተት አገኘሁ። ሰው እንዲጠነቀቅ ይፋ ላድርገው ብዬ ነበር። አንድ ባልደረባዬ «የዲጂታል ቁልፍ ሰብረሃል ብለው ይከሱሃል» ሲለኝ ደነገጥኩ። ጠበቃ የመክፈል አቅም የለኝም።

መልስ፦ ፍርሃትህ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የተቆለፈን ነገር ቁልፉን አልፎ መግባትን ይከለክላል። ቅጂ ለመስረቅም ሆነ ለመመርመር ብትገባ ሕጉ መጀመሪያ የሚያየው መግባትህን ነው።

በ2005 የሆነውን ልንገርህ። ሶኒ ቢኤምጂ የሙዚቃ ሲዲዎቹ ላይ ቅጂ መከላከያ አድርጎ ነበር። ሲዲውን ኮምፒውተር ውስጥ ስትከት ራሱን የሚደብቅ ፕሮግራም ይጭንብሃል፣ እሱ ደግሞ ለሌላ አጥቂ በር ይከፍታል። ያኔ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪዎች ኤድዋርድ ፌልተንና አሌክስ ሃልደርማን ነገሩን ያወቁት ሕዝብ ከመስማቱ አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ነው። ግን ዝም አሉ። ያን ጊዜ ያሳለፉት «ብንናገር እንከሰሳለን ወይ?» እያሉ ከጠበቆች ጋር በመመካከር ነበር። በኦክቶበር መጨረሻ ማርክ ሩሲኖቪች የሚባል ሌላ ባለሙያ ራሱ ደርሶበት ይፋ አወጣው። በመሃል ሰዉ ሲዲውን እየገዛ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይከት ነበር።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያለው የቴክኖሎጂ ሕግ ክሊኒክ ሁለቱን ተመራማሪዎች ወክሎ ልዩ ፈቃድ ጠየቀ። ሕጉ በየሦስት ዓመቱ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት መንገድ አለው፣ የሚወስነው ደግሞ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። በኖቬምበር 2006 ፈቃዱ ተገኘ፣ ግን ለሙዚቃ ሲዲ ብቻ። በቅን ልቦና ለሚደረግ የደኅንነት ምርምር ሰፋ ያለ ፈቃድ የመጣው በ2015 ነው፣ በ2018 ደግሞ እንደገና ሰፋ። ፈቃዱ ለዘለዓለም አይደለም። በየዙሩ የሚጠይቅለት ይፈልጋል። በየሦስት ዓመቱ ያንን ሁሉ ወረቀት ከሚያዘጋጁት ውስጥ የሕግ ክሊኒኮች አሉ። ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎችንም፣ ዓይነ ስውራን አንባቢዎችንም በዚሁ መንገድ ይወክላሉ።

ወደ አንተ ስመለስ፣ ለጊዜው ምንም አትለጥፍ፣ ምንም አታጥፋ። ምን እንዳደረግክ፣ በየትኛው ቀን፣ በራስህ ዕቃ ላይ ብቻ መሆኑን ጻፍና አስቀምጥ። ለኩባንያው «ይህን ያህል ካልከፈላችሁኝ አወጣዋለሁ» የሚመስል ኢሜይል ፈጽሞ እንዳትልክ፤ ንጹሕ ሥራህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወንጀል ታስመስለዋለህ። ከዚያ በምትኖርበት አገር ሕግ የሚሠራ ክሊኒክ ፈልግ፣ ምክንያቱም የሌላ አገር ክሊኒክ ስለ አንተ አገር ሕግ ሊመክርህ አይችልም። ስትደውል ዝርዝሩን ወዲያው አትዘርግፈው። መጀመሪያ የዕቃውን አምራች ስም ብቻ ንገራቸውና የጥቅም ግጭት እንዳለባቸው ይዩ። ደንበኛ አድርገው ከተቀበሉህ በኋላ ተማሪውም እንደ ጠበቃው ምስጢርህን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ነጻ አገልግሎት ማለት ጥሩ ነው። ግን ተማሪ የሚለማመደው በአቅመ ደካማ ሰው ጉዳይ ላይ መሆኑ አይከብድም? ደግሞስ ወጪውን የሚሸፍነው ማነው?

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ክሊኒክ የሚለው ስም ራሱ ከሕክምና የተወሰደ ነው፤ የሕክምና ተማሪ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ በሽተኛ እንደሚያይ ማለት ነው። እዚህም ከተማሪው በላይ ፈቃድ ያለው ጠበቃ አለ። ከቢሮው የሚወጣ ነገር ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፣ ኃላፊነቱም የእሱ ነው። ተማሪው በሴሚስተር የሚይዘው ጉዳይ ጥቂት ስለሆነ አንድን ሰነድ አሥር ጊዜ ተመልሶ ያነባል። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ባለሙያ ገንዘብ ቢኖርዎትም ማግኘት ይከብዳል።

ገንዘቡን በተመለከተ አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲውና ለጋሾች ናቸው። በ2001 የተከፈተው የበርክሌይ ክሊኒክ የተጀመረው የሕግ ፕሮፌሰሯ ፓሜላ ሳሙኤልሰንና ባለቤታቸው ሮበርት ግሉሽኮ በሰጡት ገንዘብ ነው። የኦታዋውን ጨምሮ ሌሎችንም ደግፈዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክሊኒኮች የሚቀበሉት ጉዳይ ከሚመጣላቸው ትንሹን ነው፣ በዕረፍት ወራት ደግሞ ሥራው ይቀዘቅዛል። አንድ ሰው ተስፋ አድርጎ ሁለት ወር ጠብቆ «አንችልም» ቢባል ጉዳቱ ከመጀመሪያው ይብሳል። እምቢታውም ቢሆን ቶሎ ይነገረው ባይ ነኝ። የሚያውቁት ሰው የመልስ ማቅረቢያ ቀኑ በሚቀጥለው ሳምንት ከሆነ፣ ክሊኒኩን ይጠይቅ፣ ግን በዚያው ቀን ሌላ በርም ያንኳኳ።