ባዕዱ ለማን ነው?

ልጆቼ፣ የሰጣችሁኝን ረቂቅ ደንብ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ቡና እየጠጣሁ፣ አንዴ ተናድጄ፣ አንዴ እርሳስ ይዤ። እርሳሱ ብዙ ሠርቷል፤ ወረቀቱን ስታዩ አትደንግጡ። መልሱን በአደባባይ የምጽፈው እንደ እናንተ የሚያስብ ሌላ ወጣትም አይጠፋም ብዬ ነው። ስማችሁን አላነሳም።

አንዷ ከሲዳማ፣ አንዱ ዋቄፈታ (የኦሮሞ ባህላዊ እምነት የዋቄፈና ተከታይ)፣ አንዱ ደግሞ በአያቱ እጅ ያደገ የቅማንት ልጅ ናችሁ። ባሕር ዳር ለትምህርት መጥታችሁ ተገናኛችሁ። አሁን የአገር በቀል እምነቶች ኅብረት ልታቋቁሙ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። ትንሽ ዝም አሉና "ደንቡን አርምላቸው፤ አብረህ እንዳትሰግድ እንጂ" አሉኝ። ስለዚህ የማርመው ደንቡን ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

31 ዓመት ሙሉ ሥራዬ ቅርስ መመዝገብ ነበር። በ1989 ዓ.ም.፣ አባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ያለ አንድ ትልቅ ዋርካ መዝግብ ተብዬ ተላክሁ። ስደርስ አንዲት እናት ከሥሩ ቡና አፍልተዋል። መሬቱ ላይ ቄጠማ፣ ቄጠማው ላይ ፈንዲሻ። ግንዱ ቅቤ ተቀብቷል። ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ በቅርፊቱ ስንጥቅ ወርዷል፤ ጉንዳን ሰፍሮበታል። የመጀመሪያውን ስኒ ለሰው አልሰጡም። ከዋርካው ሥር አፈሰሱት። "የአድባሯ ነው" አሉኝ።

ቅጹ ላይ "የእምነቱ ዓይነት" የሚል ክፍት ቦታ ነበር። እንደለመድኩት "ባዕድ አምልኮ" ብዬ ሞላሁ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። "ምን ብለህ ጻፍክ?" ሲሉኝ አነበብኩላቸው። የያዙትን ስኒ አስቀመጡ።

"ባዕዱ ለማን ነው ልጄ? እኔ የተወለድኩት እዚሁ። እናቴም እዚሁ። ዛፉም እዚሁ። አንተስ የየት አገር ሰው ነህ?"

የሞጣ ሰው ነኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ሁለተኛውን ስኒ ለእኔ ሰጡኝ።

ቅጹን ግን አልቀየርኩትም። አለቃዬ የሚያውቀው ቃል እሱ ነበር። እስካሁን የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው። ያች ዋርካ የሆነ ፋይል ውስጥ አሁንም ባዕድ ናት።

እና መጀመሪያ ስለ ስም። የእናንተን ዓይነት እምነት ለያዘ ሰው ስም የሚያወጣለት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ፈረንጆች "ፔጋን" የሚሉት ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ የገጠር ሰው፣ ባላገር እንደማለት ነው። እኛ ዘንድም "አረመኔ" ድሮ ያላመነ ማለት ነበር፤ ዛሬ ጨካኝ ማለት ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የአውሮፓ የጥንት እምነት ተከታዮችና ወዳጆቻቸው ሊቱዌንያ ውስጥ ቪልኒውስ ላይ ሲሰባሰቡ፣ ለማኅበራቸው የመረጡት ስም "የዓለም የብሔረሰብ ሃይማኖቶች ጉባኤ" ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ "የዓለም" የሚለውን "የአውሮፓ" አሉት። እኔን ደስ ያለኝ ይኼ ሁለተኛው ነው። ስም ማሳነስ ድፍረት ይጠይቃል።

እኛ አገር በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ባህላዊ እምነት ተከታይ ተብሎ የተመዘገበው 2.6 በመቶ ነው። ዋቄፈናው፣ የሐዲያው ፋንዳኖ፣ ሌላው ሌላው፣ ሁሉም በአንድ መስመር። እናንተም አንቀጽ 2 ላይ "አባላት በአንድ የጋራ የእምነት ስም ይጠራሉ" ብላችሁ ያንኑ መስመር ደገማችሁት። ሰርዤዋለሁ። ዋቄፈና ዋቄፈና ይባል። ቅማንቶች እምነታቸውን ሕገ ልቦና ይሉታል፤ እንደዚያው ይጻፍ። የኅብረቱ ስም ለማኅተም ብቻ ይሁን።

አንቀጽ 5 አሳቀኝ። "ዘመን መለወጫ በሁሉም አባላት ዘንድ በአንድ ቀን ይከበራል።" የሲዳማዋ ልጄ፣ ይህ ሲጻፍ የት ነበርሽ? የፍቼ ጫምባላላን ቀን የሚወስኑት ሰማይ አይተው፣ ኮከብ ተከታትለው የሚናገሩ አያንቶዎች ናቸው። ደንብ ለኮከብ አይወጣም። ኢሬቻም የራሱ ጊዜ አለው፤ ክረምቱ ሲወጣ ነው ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ውሃ ዳር ወርዶ የሚያመሰግነው። ቅማንቶች ደግሞ ደገኛ በሚሉት የተከበረ የዛፍ ሥፍራ፣ ወምበር በሚሉት የሃይማኖት አባታቸው መሪነት ይጸልያሉ፤ አምላካቸውን መዝጋና ይሉታል። አዎ፣ ዛፉም ውሃውም ፈጣሪውም በየቤታችሁ አለ፤ ይመሳሰላል። ጠጅም ጠላም በጌሾ ነው የሚጠመቀው። አንድ ጋን ውስጥ የሚገለብጣቸው ግን አላየሁም።

ታዲያ ምን አንድ ያደርገናል ትሉኝ ይሆናል። እባካችሁ "ድር ቢያብር" እንዳትሉኝ፤ በየስብሰባው ሰምቼ ሰልችቶኛል። ይልቅ የሰፈሬን እድር እዩ። ሙስሊምም ክርስቲያንም አለበት። ሰው ሲሞት ድንኳኑ አንድ ነው፤ ወንበሩም፣ ጡሩምባ ነፊውም አንድ ነው። ጸሎቱና መቃብሩ ለየብቻ። ልጄን ስድር ሙስሊም ጎረቤቶቼ በሬያቸውን በራሳቸው ሥርዓት አረዱ፣ በራሳቸው ድስት ሠሩ። እኔ የከፈልኩት ሒሳቡን ነው። አንዲት የአክስቴ ልጅ የእኛን ጭልፋ እነሱ ድስት ውስጥ ልትነክር ስትል ከሁለቱም ወገን ሦስት ሰው ጮኸባት። ከዚያ ሁሉም በላ፣ አብሮ አመሸ። ድስቱን እናቀላቅል ያለ ሰው አልነበረም፤ ቢልም ሠርጉ ይበላሽ ነበር።

የእናንተ ድንኳን ምንድን ነው? እኔ ብሆን ከመቃብር እጀምራለሁ። ቤተ ክርስቲያን የማይቀበር፣ የሙስሊም መቃብርም የማይገባ ሰው ከተማ ውስጥ ሲሞት የት ይሄዳል? ደንባችሁ ስለ በዓል አንድ ገጽ ተኩል አለው፤ ስለዚህ አንዲት መስመር የላትም። ወጣት ስለሆናችሁ ነው፣ አልፈርድባችሁም። ለየብቻ ሄዳችሁ ቦታ ብትጠይቁ "እናንተ እኮ ስንት ናችሁ?" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። አብራችሁ ስትሄዱ ግን ማመልከቻው ክብደት ይኖረዋል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 27 ጥቀሱበት፤ የእምነት ነፃነት እዚያ አለ። ቀጥሎ ዛፎቹን አስገቡ። መጥረቢያ ሲመጣ ይኼ ደገኛ ነው፣ ይኼ አድባር ነው ብሎ አይለይም።

አንቀጽ 9 ላይ "ማንኛውም ጉዳይ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል" ይላል። የቤት ኪራይና የመዋጮ ነገር ይወሰን። እምነት ግን አይሆንም። ሦስት ናችሁ፤ ሁለታችሁ እጅ ባወጣችሁ ቁጥር ሦስተኛው የአያቱን ጸሎት ሊቀይር ነው? አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 ዊካ የሚባለው፣ ተፈጥሮን የሚያከብር እምነት ተከታዮች የሆኑ ትንንሽ ቡድኖች "የእንስት አምላክ ቃል ኪዳን" የሚባል ማኅበር መሠረቱ። እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ሥርዓት ራሱ ያዛል። የጋራውን ጉዳይ ደግሞ ሁሉም ተስማምቶ ነው የሚወስነው። ስብሰባው እንደሚረዝም አልጠራጠርም። ይርዘም።

ምዝገባው ቢጓተት አትበሳጩ። አይስላንድ ውስጥ የጥንቱን እምነት የያዙት እ.ኤ.አ. በ1972 ተሰባስበው በዓመቱ ዕውቅና አገኙ። ሮሙቫ የሚባሉት የሊቱዌንያ የጥንት እምነት ተከታዮች ግን ፓርላማው እምቢ ብሏቸው ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነው እ.ኤ.አ. በ2021 የተፈረደላቸው። ስለ ፖለቲካ የምለው አጭር ነው፤ ባንዲራ ይዞ የሚመጣ ስፖንሰር ካለ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።

አንድ ይቅርታ አለብኝ። ባለፈው ቅዳሜ እንገናኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስታችሁም መጣችሁ። የቅማንቱ ልጅ ብቻ እስክሪብቶ አልነካም። ማስታወሻ ያዝ ስለው ፈገግ ብሎ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ምን ዓይነት ሰነፍ ነው ብዬ በልቤ ታዝቤው ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ጃኬቴን ስሰቅል ነው የገባኝ። ቅዳሜ ሰንበቱ ነው። ይኸው፣ 31 ዓመት ቅጽ የሞላ ሰው!

ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይመቻችኋል? እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ዘንባባዎቹ ሥር። በአንቀጽ 2 መሰረዝ ያልተስማማ ካለ ምክንያቱን ጽፎ ይምጣ። የቡናው ሒሳብ የእኔ ነው።