ከስድስቱ ጠርሙስ የቱን ልግዛ?

የአንባቢ ጥያቄ፦

ይድረስ ለእትዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲሲ ውስጥ ሊከር ስቶር ያላቸው አንድ ያገራችን ሰው ጡረታ ሊወጡ ነው። ምድር ቤቱን ሲያጸዱ የቆዩ ውስኪዎች አገኙና «ከሰው በፊት አንተ ምረጥ» አሉኝ። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ወረቀት የተለጠፈበት ኦልድ ፊትዝጄራልድ የሚባል የአሜሪካ ውስኪ በ400 ዶላር፣ የድሮ ብላክ ሌብል በ120፣ ብላንተንስ በ190፣ በተርኪ ቅርጽ የተሠራ የሸክላ ዋይልድ ተርኪ በ150፣ ዕድሜው ያልተጻፈበት የጃፓን ውስኪ በ220። ስድስተኛው የእሳቸው አይደለም። የሚያውቁት ሰው ፓፒ ቫን ዊንክል 15 ዓመት በ1,000 ዶላር ይሸጣል። እኔ ያለኝ 900 ነው፤ ለፓፒው ከሆነ 100 እበደራለሁ። አንዱን ጠርሙስ አዲስ አበባ ላሉት አማቴ መውሰድ እፈልጋለሁ። አንዱን በግንቦት ልጄ ስትመረቅ ልከፍተው። አንዱን ደግሞ ዋጋው እስኪጨምር ላስቀምጠው። ካውንቲው ብርቅ ውስኪዎችን በዕጣ የሚሸጥበትን ሎተሪ ሦስት ዓመት ሞክሬ አልወጣልኝም። ይህ ዕድል እንዳያመልጠኝ ፈርቻለሁ።
ግ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱን ግዛ፣ አራቱን ተዋቸው። የምትገዛው ኦልድ ፊትዝጄራልዱንና ብላክ ሌብሉን ነው። እነሱንም ቢሆን አገላብጠህ አይተህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

እኔ ያደግሁት አርሲ ነገሌ ነው። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን። ዳግሙን፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የወጣውን አረቄ፣ ከተራው አሽትቼ መለየት የተማርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ከዚያ ዲሲ መጥቼ ሊከር ስቶር ውስጥ 19 ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ ቆምኩ። ብዙ ሰው ገንዘቡን ለስም ሲከፍል አይቻለሁ። አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ከኦልድ ፊትዝጄራልዱ እንጀምር። ያቺ አረንጓዴ ወረቀት የመንግሥት የግብር ማኅተም ናት። አረንጓዴው የሚለጠፈው «ቦትልድ ኢን ቦንድ» ለሚባለው ውስኪ ነበር፤ ለሌላው ቀይ። ሕጉ የወጣው በ1897 ነው። ውስኪው ከአንድ ማውጫ ቤት፣ በአንድ ወቅት የወጣ መሆን አለበት። መንግሥት በሚቆጣጠረው መጋዘን ቢያንስ 4 ዓመት በርሜል ውስጥ ይቆያል። ሲታሸግ አልኮሉ 50 ከመቶ ይሆናል። ማኅተሙ ራሱ በ1985 ቀርቷል። መጠኑ በድሮው የአሜሪካ መለኪያ «4/5 ኳርት» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ከ1980 በፊት የታሸገ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም በሚሊ ሊትር ሆነ።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ጽሑፉን አንብብና «ዲ.ኤስ.ፒ. ኬንታኪ 16» የሚል ፈልግ። ቦትልድ ኢን ቦንድ የማውጫ ቤቱን ቁጥር መጻፍ ግዴታው ነው። 16 ስቲትዘል ዌለር የሚባለው ማውጫ ቤት ቁጥር ነው። ቤቱ ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል አጠገብ ሻይቭሊ በሚባል ቦታ በ1935 በኬንታኪ ደርቢ የፈረስ ውድድር ዕለት ተከፈተ። በ1992 ማውጣት አቆመ። ሌሎች ከበቆሎው ጋር ራይ የሚባለውን እህል ሲጨምሩ እነሱ ስንዴ ነበር የሚጨምሩት። ስንዴው ውስኪውን ለስለስ ያደርገዋል። እኔ ሁለት ጊዜ ቀምሼዋለሁ። መጀመሪያ የተቃጠለ ስኳር ነው የሚመጣው። ቀጥሎ የድሮ የእንጨት ሳጥን ስትከፍት የሚሸትህ ሽታ። ከዋጥከው በኋላ ደረትህ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ኦልድ ፊትዝጄራልድ የሚለው ስም ዛሬም አለ፤ የሚወጣው ግን ሌላ ቦታ ነው። በዚያ ቤት የተሠራው ካለቀ አለቀ። 400 ዶላር የምትከፍለው ለዚህ ነው፤ እኔም አልከፍልም አልልም።

ከመክፈልህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ሜከርስ ማርክ ግዛ። 30 ዶላር ገደማ ነው፣ የትም ይገኛል፣ እሱም በስንዴ ነው የሚሠራው። ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ አንድ መለኪያ ቅመሱ። ልስላሴው ካልጣማችሁ የ400 ዶላሩን ጠርሙስ ለሚወደው ተዉለት።

ሱቁ ስትሄድ የስልክህን መብራት ከጠርሙሱ ጀርባ አብራ። ውስኪው አንገቱ ድረስ ካለ ጥሩ ነው። ወደ ትከሻው ትንሽ ከወረደ ዋጋ አስቀንስ። ከትከሻው በታች ከሆነ ተወው፤ አየር ገብቶበታል። ክዳኑ ዙሪያ የደረቀ የሚያጣብቅ ነገር ካለ አፍስሷል ማለት ነው። ማኅተሙ የተቀደደና መልሶ የተጣበቀ እንዳይሆን በጣትህ ዳስሰው። ባለ ቡሽ ከሆነ የተኛ ወይስ የቆመ እንደነበር ጠይቃቸው። ወይን ይተኛል፣ ውስኪ መቆም አለበት፤ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ምድር ቤት መቀመጡ ደግ ነው፤ ፀሐይ አላገኘውም።

ብላክ ሌብሉ ለአማትህ ነው። እዚህ ላይ አልጠራጠርም። ሌላ ስም ይዘህ ብትሄድ ለአዛውንት ሰው ማስረዳት ይኖርብሃል። ብላክን ግን ያውቁታል፤ የ12 ዓመት መሆኑንም ያውቃሉ። የድሮውን ጽሑፍና የድሮውን ክዳን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ዕድሜውን ለማወቅ ጀርባውን እይ። ከኅዳር 1989 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መጠጥ ሁሉ የመንግሥት የጤና ማስጠንቀቂያ አለበት። ጽሑፉ ከሌለ ከዚያ በፊት የታሸገ ነው። ግን ተጠንቀቅ፤ ከኤርፖርት ዲውቲ ፍሪ የተገዛም ማስጠንቀቂያው የለበትም። ስለዚህ አሜሪካዊው አስመጪ ስሙ ተጽፎ እንደሆነ ተመልከት። አስመጪው ካለና ማስጠንቀቂያው ከሌለ፣ የእውነት የቆየ ነው። ክዳኑ የሚሽከረከር ብረት ከሆነ በቡሽ አትጨነቅም።

ለጉዞው፦ ከ24 እስከ 70 ከመቶ አልኮል ያለው መጠጥ፣ እሽጉ ካልተከፈተ፣ በሚጫነው ሻንጣ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል። ክዳኑን በፕላስቲክ አጥብቀህ ጠቅልለው፣ ከዚያ በጋቢ። እዚያ ስትደርስ ደግሞ አደራህን፣ አማትህ ቡፌ ውስጥ እንዳይቆልፉት። ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ 12ቱ ያው 12 ነው። እዚያው አብራችሁ ክፈቱት።

የሚቀሩት ላይ ብዙ አልቆይም። ብላንተንስ ጥሩ ውስኪ ነው፤ ግን ዛሬም ፍራንክፈርት ኬንታኪ ይወጣል። ሰው የሚሻማው ለክዳኖቹም ጭምር ነው፤ ስምንቱ ፈረሶች ላይ ያሉት ፊደላት ሲገጣጠሙ ስሙን ያወጣሉ። በመደበኛ ዋጋው ሲገኝ ከ190 ግማሽ በታች ነው። ጠብቀው። የጃፓኑን ተወው። የጃፓን አምራቾች ማኅበር በ2021 ደንብ እስኪያወጣ ድረስ ከውጭ የመጣ ውስኪ እዚያ ታሽጎ «የጃፓን» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ዕድሜም የማውጫ ቤት ስምም ካልተጻፈበት 220 ዶላር አይገባውም። የሸክላው ተርኪ ያምራል፤ አውቃለሁ። ግን ውስጡ ስንት እንደቀረ አይታይም። ቡሹ ብዙ ጊዜ ደርቋል። አንዳንድ የሸክላ ቅብ ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለው፤ አልኮሉ ደግሞ ለዓመታት እዚያ ውስጥ ተኝቷል። ለልጄ ምርቃት አልቀዳውም።

ፓፒው ላይ ግን ልለምንህ። አትበደር። በ2015 እኔ ራሴ ከአንድ ሰው ላይ ፓፒ በ600 ዶላር ገዛሁ። የተገናኘነው ፓርኪንግ ላይ ነው። ለወንድሜ ሠርግ ነበር። ጠርሙሱ እውነተኛ፣ ጽሑፉ እውነተኛ። ማታ ስንከፍተው ገና ሳልቀምሰው ሽታው ነገረኝ። ርካሽ ቦርቦን፣ ማለትም ተራ የአሜሪካ የበቆሎ ውስኪ፣ ነው የተሞላበት። ሽማግሌዎቹ «እግዜር ይስጥልን» እያሉ ሲጠጡ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። ባዶው የፓፒ ጠርሙስ ራሱ ገዢ አለው፤ ለምን እንደሚገዙት አንተም ትገምታለህ። ትላልቆቹም ይታለላሉ። በ2017 ስዊዘርላንድ አንድ ሆቴል ውስጥ አንድ እንግዳ «1878» የሚል ከተለጠፈበት ማካላን የሚባል የስኮትላንድ ውስኪ አንድ መለኪያ ወደ 10,000 ዶላር ከፍሎ ጠጣ። ኋላ ሲመረመር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ቅልቅል ሆኖ ተገኘ። ሆቴሉ ገንዘቡን መለሰለት። ያንተ ሻጭ ግን ስልኩን ያጠፋል።

ዋጋው እስኪጨምር ስለምታስቀምጠው ሦስተኛ ጠርሙስ፦ ይቅርብህ። አንተ ባለህበት ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ፈቃድ መጠጥ መሸጥ ወንጀል ነው፤ በጨረታ ቤት በኩል ካልሆነ ማን ይገዛሃል? በኮቪድ ጊዜ ዋጋቸው የተሰቀሉ ብዙ ጠርሙሶችም ከዚያ ወዲህ ወርደዋል። ሁለቱን ስትገዛ 380 ዶላር ይተርፍሃል። ለምርቃቱ ድግስ ይሁን።

የምርቃቱ ጠርሙስ ኦልድ ፊትዝጄራልዱ ነው። ባለ ቡሽ ከሆነ ከመክፈትህ በፊት ለጥቂት ሰከንድ ገልብጠህ ቡሹን አርጥበው። ከዚያ ቀስ ብለህ እያዞርክ አውጣ። ቢሰበር አትደንግጥ፤ በቡና ማጥሊያ ወረቀት አጥልለህ ወደ ንጹሕ ጠርሙስ አዙረው። በረዶ አታግባበት። ቀድተህ አሥር ደቂቃ ተወው።

ሱቁ የምትሄደው መቼ ነው? ሳትከፍል የጀርባውን ጽሑፍና ከጠርሙሱ ቂጥ ላይ መስታወቱ ውስጥ የታተሙትን ቁጥሮች በስልክህ አንስተህ ላክልኝ። ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ የተሠራበት ዓመት ሁለት አሃዝ እዚያ አለ። አብረን እናነበዋለን።