የአንባቢያን ጥያቄ፦ አዲስ ዘፋኝ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ በመሆኑ ጠዋትና ማታ ረጅም ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ አሳልፋለሁ። ጊዜውን የምገፋው በሙዚቃ ነው። የምወደውም በጊታር ወይም በክራር ብቻ ታጅቦ ቃሉ ጎልቶ የሚሰማ ዘፈን ነው፤ ከውጭዎቹ ፎክና ኢንዲ የሚባለውን፣ ከእኛዎቹ ደግሞ በራሳቸው ወጪ እየቀረጹ የሚያወጡትን ወጣቶች እወዳለሁ። ችግሬ ስልኬ የማውቀውን ዘፈን መልሶ መላልሶ ማቅረቡ ነው። ስማቸው ገና ያልተሰማ ድምፃውያንን እንዴት ላገኛቸው እችላለሁ? (አንባቢ፣ ከቦሌ አራብሳ)

መልስ፦ ስልክዎ ያንኑ ዘፈን የሚመላልስብዎት አሠራሩ እንዲያ ስለሆነ ነው። እንደ ዩቲዩብ ያሉ አገልግሎቶች ጥቆማ የሚሰጡት በአመዛኙ የአድማጮችን ልማድ እያመሳሰሉ ነው፤ እርስዎ የሚወዱትን ዘፈን የሚሰሙ ሌሎች ሰዎች ምን እንደሚያዘወትሩ ይመለከቱና እሱኑ ያቀርቡልዎታል። ትናንት ማታ የወጣና ገና የዘፋኙ ጓደኞች ብቻ የሰሙት ሥራ የሚመሳሰልበት ልማድ ስለሌለው ከዚህ ስሌት ውጭ ይቀራል። በዚያ ላይ ብዛቱ አለ፤ የሙዚቃ ገበያ መረጃ የሚሰበስበው ሉሚኔት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደቆጠረው በየቀኑ ከ100 ሺህ በላይ አዳዲስ ቅጂዎች ወደ ማዳመጫ አገልግሎቶች ይጫናሉ። ይህን ሁሉ እያዳመጠ የሚያበጥር ሰው የለም።

እኔ የምመክርዎ ከዘፈኑ ጀርባ ያሉትን ሰዎች ስም እንዲከተሉ ነው። በካሴት ዘመን ያደገ አድማጭ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። የካሴቱን ሽፋን ሲዘረጋ ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ ተጽፎ ያገኝ ነበር፤ ሙዚቃ ቤት ሲገባም የሚወደው አቀናባሪ የሠራው አዲስ ሥራ መምጣት አለመምጣቱን ይጠይቅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ያረፈውን ኤልያስ መልካን ያስታውሱ። የዘሪቱ ከበደን፣ የእዮብ መኮንንን እና የሚካያ በኃይሉን የመጀመሪያ አልበሞች ያቀናበረው እሱ በመሆኑ፣ የአቀናባሪውን ስም እያየ ካሴት የሚገዛ ሰው ሦስቱንም ገና በመጀመሪያ ሥራቸው ሊያገኛቸው ይችል ነበር።

ያ የካሴት ሽፋን ጽሑፍ ዛሬም አልጠፋም፤ ከዩቲዩብ ቪዲዮው ሥር ወዳለው መግለጫ ተዛውሯል፤ ብዙ ሰው ግን ከፍቶ አያነበውም። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ሚክሲንግ፣ ማስተሪንግ እያለ ስም ይዘረዝራል። የወደዱት ዘፈን ላይ ክራር የመታውን ወይም ድምፁን የቀረጸውን ሰው ስም ወስደው ለብቻው ይፈልጉት። የታወቀ ዘፋኝ የሚያጅብ ወጣት ክራር መቺ የራሱን ሥራ በጎን ያወጣ ሊሆን ይችላል፤ አነስተኛ ስቱዲዮ ያለው አቀናባሪም ከአንድ ጀማሪ በላይ ደንበኛ ይኖረዋል። ሲፈልጉ ስሙን በእኛም ፊደል በላቲንም ይሞክሩ፤ አንዱን ስም ሰዎች በላቲን በሦስትና በአራት ዓይነት ስለሚጽፉት ሥራው የተጫነበትን አጻጻፍ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

መንገዱ ምን ያህል እንደሚያስኬድ በአንድ ምሳሌ ላሳይዎ። «ቋንቋ» የተባለውን፣ አሜሪካዊት ቫዮሊን ተጫዋች አዲስ አበባ ላይ የመሠረተችውን ባንድ ሰምተው ወደዱት እንበል። ድምፃዊቷ ሰላምነሽ ዘመነ ናት፤ የእሷን ስም ሲፈልጉ ከፈረንሳይ ብሪታኒ ከመጣው ባዱምስ ባንድ ጋር የሠራችውን አልበም ያገኛሉ፤ ይህ ባንድ ደግሞ ማህሙድ አህመድንና ዓለማየሁ እሸቴን ያጀበ ነው። ወደ ቋንቋ ተመልሰው የማሲንቆ ተጫዋቹን የእንድሪስ ሀሰንን ስም ከተከተሉ ውዝዋዜ ተጫዋቹ መላኩ በላይ ወደሚመራው ኢትዮከለር ባንድ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ ፈንድቃ። በአንድ ምሽት ያገኟቸው እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሌሎች ሰዎችን ያጅባሉ፣ ያስተምራሉ፣ መድረክ ላይ ይጋብዛሉ፤ የእርስዎ ጀማሪዎችም የሚገኙት በእነሱ ዙሪያ ነው። ካሳንቺስ ሲፈርስ የፈንድቃ አዝማሪ ቤትም አብሮ መፍረሱ ለዚህ ዓይነቱ አድማጭ ከባድ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ገና ስም የሌለው ተጫዋች ከአንጋፋ ጎን ቆሞ የሚታይበት ቤት በከተማችን ብዙ አልነበረም።

ከውጭዎቹ ለሚፈልጉት በመጀመሪያ የምጠቁምዎ የአሜሪካው የሕዝብ ሬዲዮ ኤንፒአር የሚያሰናዳውን የታይኒ ዴስክ ውድድር ነው። ፕሮግራሙ ራሱ የተወለደው ሎራ ጊብሰን የተባለች ለስላሳ ድምፅ ያላት የፎክ ዘፋኝ በኦስቲን ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ስትዘፍን በጫጫታው ምክንያት ሳትሰማ በመቅረቷ ነው፤ የሬዲዮው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ቢሯቸው ጋብዘው ከጠረጴዛ አጠገብ አዘፈኗት። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ከሙዚቃ አሳታሚ ጋር ውል የሌላቸው የአሜሪካ ነዋሪዎች አንድ ዘፈን ጠረጴዛ ባለበት ቦታ ተጫውተው ቪዲዮውን የሚልኩበት ውድድር ተጀመረ። ሁሉም ስለ አሸናፊው ያወራል፤ እኔ ግን ከአሸናፊው ይልቅ ተሸናፊዎቹን እንዲያዩ እመክራለሁ። ቪዲዮዎቹ በዩቲዩብ ላይ ለሕዝብ ክፍት ሆነው የሚቀመጡ ሲሆን በየዓመቱ በሺህ ይቆጠራሉ፤ ከእነሱም ውስጥ በኩሽናና በመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ጊታር ብቻ ይዞ ልብ የሚነካ ዘፈን የሚያሰማ አያጡም።

ሁለተኛው ባንድካምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረ፣ ሙዚቀኛው ሥራውን ራሱ አስቀምጦ ራሱ ዋጋ የሚያወጣበት ገበያ ሲሆን፣ ዘፈኖቹ የሚደረደሩት ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በሰጧቸው የዘውግና የከተማ መጠሪያ ነው። ፎክ የሚለውን መርጠው «አዲስ የወጡ» የሚለውን ቢከፍቱ ማንም ያልሰማው ነገር ይጠብቅዎታል፤ አብዛኛው ተራ ነው፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ማበጠሪያው አነስተኛ አሳታሚውን መከተል ነው። ቦን ኢቨር በሚል ስም የሚታወቀው ሙዚቀኛ በዊስኮንሲን በአባቱ የአደን ጎጆ ውስጥ የቀረጸውን የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ2007 በራሱ አወጣው፤ በዓመቱ ጃግጃጉዋር የተባለው አነስተኛ አሳታሚ ዳግም አሳተመው። ያኔ የዚያን አሳታሚ ዝርዝር የሚከታተል ሰው ዓለም ሳያውቀው ያውቀው ነበር። በአንድ አሳታሚ ሥር ሁለት የሚወዷቸውን ዘፋኞች ካገኙ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሳይሰሙ አይለፉ፤ የመረጣቸው ጆሮ አንድ ነውና።

በተቃራኒው «ለእንቅልፍ»፣ «ለዝናባማ ቀን»፣ «ለቡና» እየተባሉ በስሜት የተሰበሰቡ ዝርዝሮችን አልወድም፤ ዘፋኙን ስም አልባ ያደርጉታል። ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ ከመውደድና ከመጥላት አልፏል። የፈረንሳዩ የሙዚቃ ማዳመጫ አገልግሎት ዲዘር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 እንዳስታወቀው፣ በየቀኑ ከሚጫኑለት ዘፈኖች 18 በመቶ ያህሉ፣ በቁጥር ከ20 ሺህ የሚበልጡት፣ ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረኩ ነበሩ። ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ጊታሩን ማን እንደመታው፣ የት እንደተቀረጸ አንድም ቃል ያልተጻፈበት፣ ዘፋኙም መድረክ ላይ ታይቶ የማያውቅ ሥራ ሲያጋጥምዎ ይጠርጥሩ።

የአውቶቡስ ሰዓትዎን በተመለከተ፣ ፍለጋውንና ማዳመጡን ይለያዩአቸው። ፍለጋው ዳታ ይበላል፤ ስለዚህ የሌሊት ጥቅል ገዝተው ወይም መሥሪያ ቤት ባለው ዋይፋይ ያከናውኑትና የመረጡትን አውርደው ይዘው ይሳፈሩ። መንገድ ላይ ጣትዎ ዘፈን ከዘፈን መዝለሉን ትቶ አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይስማ። የጀማሪ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ደቂቃ አይማርክም፤ ቀረጻው ይሻክራል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ግጥሙ ጆሮ ውስጥ የሚገባው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ከመገናኛ እስከ አራብሳ ያለው የመኪና ሰልፍ ለዚህ የሚበቃ ትዕግሥት ያስተምራል ብል ብዙዎቻችሁ አትቃወሙኝም።

በአካል ለመስማት ደግሞ ከዳር ሆኖ መኖር እንቅፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ የምሽት ክበብ ፕሮግራም ገና ሲሞቅ የመጨረሻው ታክሲ ይሄዳል። ስለዚህ በጊዜ የሚጀምሩትን ይምረጡ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹ ሥራቸውን የሚያቀርቡበትን ወቅት ይከታተሉ፤ የነገውን ክራርና በገና ደርዳሪ ዛሬ የሚያገኙት እዚያ ነው። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ የባህል ተቋምም ኮንሰርት ያዘጋጃሉ። የሠፈርዎንም አይናቁት፤ በእናንተ ብሎክ ድንኳን ተጥሎ ሠርግ ሲኖር ማሲንቆ ይዞ የመጣውን ልጅ ሲያርፍ ጠጋ ብለው ስሙንና የራሱ ቻናል እንዳለው ይጠይቁት። ያልተሰማ ዘፋኝ ማለት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከባንድካምፕ የምወደውን አልበም መግዛት እፈልጋለሁ፤ የውጭ ካርድ ግን የለኝም። በነፃ ብሰማ ሙዚቀኛውን እበድለዋለሁ? (አንባቢ፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ መስማትዎ በደል አይደለም፤ ገጹ ለመስማት ክፍት የተደረገው በሙዚቀኛው ፈቃድ ነው። ብዙዎቹም «የፈለጉትን ያህል ይክፈሉ» ብለው ከዜሮ ጀምረው ስለሚያስቀምጡ ሕጋዊ በሆነ መንገድ ሳይከፍሉ ማውረድ ይችላሉ። መክፈል ከፈለጉ አልበሙን ለሌላ ሰው በስጦታ መግዛት ስለሚቻል ውጭ ያለ ዘመድ ገዝቶ በኢሜይል እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ ለልደት ጫማ ከሚልክልዎ ይህ ይቀለዋል። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በተመረጡ ዓርቦች ይህንንም ይተዋል፤ ግዢውን በዚያን ቀን ማድረግ ሙዚቀኛውን ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ለአገር ውስጦቹ ነገሩ ይቀላል። ጀማሪው በገጹ ላይ የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር አስቀምጦ ከሆነ በቀጥታ ይላኩለት፤ ሥራው እንደ ሰዋስው ባለ የአገር ውስጥ መተግበሪያ ላይ ካለም ከዚያ ይስሙት። ትንሽ ብር ምን ያደርግለታል አይበሉ። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን ክፍያ አያስብም፤ እንዲህ ላለው ዘፋኝ የአንድ ሰው ሃምሳ ብር ዘፈኑ ከዚያ ከሚያስገኝለት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ መኝታ ክፍሏ ውስጥ በጊታር የራሷን ዘፈን እየቀረጸች ነው። ሰው እንዲያገኛት ምን ታድርግ? ግጥሟንስ ቢሰርቁባት? (አባት፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ አባቴ፣ መጀመሪያ ስሟን ትጻፍ። በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ትጠቀም፤ ከእያንዳንዱ ዘፈን ሥርም ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ጊታሩንና ቀረጻውን የሠራው ማን እንደሆነ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ ታስፍር፤ የምትገኝበትን አድራሻም አትርሳ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ ስሙን በኢንተርኔት ፈልጎ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲያሽከረክር ደረሰበት፤ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፣ እሱም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ሽፋኑ ላይ ስም ባይኖር ኖሮ ፍለጋው ከየት ይጀመር ነበር?

ስለ ስርቆቱ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረና በወረቀት ወይም በቅጂ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ጥበቃው በሕይወት ዘመኗና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። ሥራዋን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ብታስመዘግብ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናታል። ከዚህ በተጨማሪ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ከነስህተታቸው ሳትሰርዝ ቀን ጽፋባቸው ታስቀምጥ፤ ከስልኳ ሌላ ቦታም ይኑሩ።